የመናኸሪያው ንጣፍ

«ወይዘሮ ፈጠነች፣ እስቲ እጅዎን ይስጡኝ» አለኝ የማዘጋጃ ቤቱ ኢንጂነር ወልደመስቀል።

ሳልሰጠው ያዘው። ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ሦስት ንጣፎች አንዱ ላይ አሳረፈና እንደ ሕፃን ጣቴን እየጎተተ ያስዳስሰኝ ጀመር። «ይኼኛው ቁጥር አንድ ነው። ያብረቀርቃል፣ ለከተማችን ገጽታም...»

«እኔ በእጄ ነው እንዴ የምሄደው?» አልኩት።

 የሆነ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ፈጠነች እባላለሁ። እዚሁ ሶዶ ሃያ ዓመት ሙሉ ስልክ ያገናኘሁ ዓይነ ስውር ነኝ። የዓይነ ስውራን ማኅበራችን ሊቀ መንበርም እኔው ነኝ፤ ማኅተሙ ከቦርሳዬ አይወጣም። ሰዎቹ የጠሩኝ ወድደውኝ እንዳይመስላችሁ። ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው፣ አዲስ መናኸሪያ እየተሠራ ነው፣ ዓይነ ስውር በእግሩ እየለየ የሚሄድበት ንጣፍ ይኑረው ተብሏል። የትኛው ንጣፍ እንደሚሻል ማኅበራችን መርጦ ቃለ ጉባኤው ላይ ማኅተም ካላሳረፈ ሥራው አይጸድቅም። የፈለጉት ማኅተሙን ነው፤ እኔ ማኅተም ተሸካሚ ነኝ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። መስመር መስመር ያለው ንጣፍ «ሂድ» ይላል፣ ጉብ ጉብ ያለው «ቁም» ይላል። ጉብታው ከጫማ ሥር ካልቆረቆረ ተራ ወለል ነው። መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ጋ ወለሉ ወገብ የሚያህል ገደል አለው። «ቁም» የሚለውን እግሩ ያልሰማ ሰው የሚገኘው ከታች ነው።

መውደቅ ምን እንደሆነ ከቤቴ አውቃለሁ። ባለቤቴ ባዳቾ ሎተሪ አዟሪ ነበር፤ እሱም እንደኔ አያይም። የአውቶቡስ ረዳቶች ወደ ቤሌ ከተማ የሚሄድ ተሳፋሪ ለመጥራት «ቤሌ! ቤሌ!» እያሉ ሲጮሁ የሱ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ገበያው አጠገብ ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ገብቶ ዳሌው ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲህ ከደጃችን አልፎ አያውቅም። «እግሬ የሚያምነው ወለል ሲሠራ እወጣለሁ» ይላል። ያን ቀን እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥኩት ባዳቾን ከወንበሩ ላስነሳ ነው፤ የከተማ ገጽታ ምን አባቱ!

«መሬት ላይ አስቀምጡልኝ» አልኩ።

«ወይዘሮ ፈጠነች፣ ጊዜ የለንም» አለ ኢንጂነሩ።

ራሴ አወረድኳቸው። አንድ በአንድ ቆምኩባቸው፣ በጫማዬ ፋቅኳቸው፣ በበትሬ ሞከርኳቸው። ሦስቱም «ቁም» የሚሉት ናቸው ተብሏል። ቁጥር አንድ ሴራሚኩ ምንም አይልም፣ ጭራሽ ያንሸራትታል። ሁለተኛው ያንሾካሹካል። ሦስተኛው እዚሁ ሶዶ በሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ ገና ስረግጠው የጫማዬን ሶል አልፎ ውስጥ እግሬን ነካኝ።

«ይኼ ነው» አልኩ። «ሦስተኛው።»

«እሱማ አይሆንም» አለ የነጋዴዎች ተወካዩ ሶርሳ። «ጋሪ ያንገጫግጫል። ሴቶችም በታኮ ጫማ ሲሄዱ ይሰናከላሉ።»

«እኔስ ምንድን ነኝ አቶ ሶርሳ? ቁም ሳጥን?»

ኢንጂነሩ ነገሩን ቶሎ አበረደው። «እሺ፣ እሺ፣ እንዳሉት ይሁን። ቃለ ጉባኤውን ላንብብልዎትና ማኅተሙን ያሳርፉልን።»

ጆሮዬ ቆመ። ከገባሁ ጀምሮ ብዕር ሲጽፍ አልሰማሁም፣ ቃለ ጉባኤው ግን አልቋል! ማንበብ ጀመረ። «ማኅበሩ... እ... ናሙና ቁጥር ሦስትን... የመረጠ መሆኑን...» ሃያ ዓመት የሰው ድምፅ ስሰማ የኖርኩ ሴት ነኝ። የሚያነብ ሰው ቃል አይፈልግም፤ ቃሉ ፊቱ ነው። ይኼ ሰውዬ እየፈጠረ ነበር።

እጄን ዘርግቼ ወረቀቱን ተቀበልኩትና በስተቀኜ ለተቀመጠችው ለናዝራዊት ሰጠኋት። አዲስ የተቀጠረች የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት። «ናዝራዊት፣ እስቲ አንቺ ደግሞ አንብቢልኝ።»

«አያስፈልግም!» አለ ወልደመስቀል።

 ልጅቷ ቀስ ብላ አነበበች። «ማኅበሩ ናሙና ቁጥር አንድን በሙሉ ድምፅ የመረጠ ሲሆን፣ ንጣፉም ተገዝቶ መጋዘን መግባቱን አረጋግጧል።» ቀኑ ደግሞ ያለፈው ሳምንት ነበር።

ደሜ ፈላ። «ገዝታችሁ ጨርሳችሁ ነው ምረጪ የምትሉኝ? ከሳምንት በፊት እንደመረጥኩ እንኳ ሳልሰማ!»

«ይኼ የልማት ሥራ ነው!» ኢንጂነሩም ጮኸ። «እንዲህ ያለ ፀረ ልማት አቋም በግምገማ ነው የሚታየው!»

«ገምግመኛ! ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመህ ገምግመኝ!»

የኔ አንቱታ እዚያ ላይ አለቀ። የኢንጂነሩ ወንበር ተገፋና ሰውየው ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ በለሆሳስ ተናገረ፤ እሱ ግን አንቱ ማለቱን አልተወም፣ ይኼ ነው የሚያናድደኝ። «የገበያው ቦይ ርክክብ ላይ ‹ክዳኑ ሙሉ ነው› የሚለው ወረቀት እኔ ጋ አለ። ማኅተሙ የማን ነው? ባለቤትዎ ያውቃሉ? እስከ ሐሙስ ስብሰባ ያስቡበት።»



ማኅተሙ የኔ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሮ ጠርተውኝ፣ ሚሪንዳ ከፍተውልኝ፣ «ቦዩ ተከድኖ አልቋል፣ ማኅበራችሁ ያጽድቅልን» አሉኝ። ሄጄ በበትሬ አልነካሁትም። የጠርሙሱን ቅዝቃዜ በግራ እጄ ይዤ በቀኜ ማኅተሙን መታሁ። በወሩ ባዳቾ እዚያው ገባ። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሦስተኛውን ንጣፍ ከመሬት አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ኧረ እሱ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው!» አለ ሶርሳ።

«መጥተህ ቀማኛ!» ብዬው ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። ሰውየው የያዘኝ በምስጢሬ ነው። ምስጢሩን ራሴ ካወጣሁት የሚይዘኝ የለም፤ ባዳቾን ግን ላጣው እችላለሁ።

ባዳቾ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጎዳሬውን በሚያቃጥል ዳጣ እያጠቀሰ ይበላል። ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ፊቱ ቆምኩ።

«ባዳቾ፣ የቦዩ ወረቀት ላይ ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ።»

ማኘኩን አቆመ። «የትኛው ቦይ?»

«የወደቅክበት።»

«ሄደሽ ነክተሽው ነበር?»

«አልነካሁትም። አለቀ አሉኝ፣ አመንኳቸው። አሁን ደግሞ ‹ቁም› የማይል ንጣፍ ገዝተው ሐሙስ ስብሰባ ላይ ማኅተም ምቺ ይሉኛል።»

ሳህኑ ግቢው መሃል ሲያርፍ ሰማሁ። «ሦስት ዓመት!» አለ። «ሦስት ዓመት ዳሌዬን በቅባት ስታሺ አንዲት ቃል አልወጣሽም! አሁን ምን ላድርግልሽ? ልሳቅልሽ?» እጁን ለመያዝ ጎንበስ ስል መነጨቀኝ። «ዞር በይልኝ፣ ፈጠነች። ዞር በይ!»

በማግሥቱ ማክሰኞ ሙሉ ቀን አላናገረኝም። ምግብ ሳቀርብለት ሳህኑን ይገፋዋል፤ ስሄድ ይበላል። እኔም አልለመንኩትም። ምን ብዬ ልለምነው?

ረቡዕ ከሰዓት ከሥራ ስገባ ከጓዳ የሚፋቅ ነገር ሰማሁ። ባዳቾ ያንን ንጣፍ ከቦርሳዬ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀምጦታል። ሦስት ዓመት ያላደረገውን ጫማ አድርጎ ይወጣበታል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣበታል።

«እነሱ የገዙትስ?» አለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

«እንደ ትሪ ልሙጥ ነው።»

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚሰበሰቡት?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ማኅተሙን ስጪኝ።»

አውጥቼ ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው።

«ይቅር አላልኩሽም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ነገ በቦዩ በኩል ነው የምንሄደው።»

ሐሙስ ጠዋት ከግቢያችን ወጣን። ክንዴን አልያዘም፤ በትሩን እያንኳኳ ከፊቴ ሄደ። ገበያው አጠገብ ስንደርስ የበትሩ ድምፅ ድንገት ጠፋ። ቦዩ ዛሬም ክዳን የለውም። ባዳቾ ጠርዙ ላይ ቆሞ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኛል፣ እኔም አልቅሽ አልቅሽ አለኝ። ከዚያ እንትፍ ብሎ ተፋበት። ዞሮ የሚሻገሩበትን ድልድይ በበትሩ ፈልጎ አገኘና አለፍን።

ስብሰባው ውስጥ ስንገባ ባዳቾ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ማንም ማን እንደሆነ አልጠየቀም።

«እህ፣ ወይዘሮ ፈጠነች» አለ ወልደመስቀል፣ ፋይል እያገላበጠ። «አሰቡበት? ማኅተሙን ያውጡልን።»

«እኔ ጋ የለም።»

«እንግዲያው ስለ ገበያው ቦይ ባለቤትዎን ማነጋገር ሊኖርብን ነው።»

«አነጋግረኛ» አለ ባዳቾ ከበሩ። «ባለቤቷ እኔ ነኝ። ነግራኛለች።»

የፋይሉ ድምፅ ቆመ።

«ማኅተሙ እኔ ጋ ነው» አለ ባዳቾ። «የገዛችሁትን ንጣፍ አምጡና መሬት ላይ አንጥፉት። እኔ ሳልሄድበት የሚመታ ማኅተም የለም።»

«ይኼ ቀልድ ነው!» አለ ሶርሳ።

ናዝራዊት ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። «የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው» አለችና ወጣች። ኢንጂነሩ በስሟ ጠራት፣ አልተመለሰችም። ስትመጣ ካርቶን ቀደደች፣ ስድስት ንጣፍ በተርታ ስትደረድር የሴራሚኩን ቂው ቂው እሰማ ነበር። «አራቱ ‹ሂድ› የሚሉት ናቸው፣ ጋሼ» አለችው። «የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ‹ቁም› ይላሉ።»

«ገደሉ ከነሱ በኋላ ነው ማለት ነው» አለ ባዳቾ።

«አዎ።»

ወጣበት። በትሩን ወዲህና ወዲያ እያደረገ በጥንቃቄ ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ቆጠርኩ። በአራተኛው ጫማው ከሴራሚኩ ወርዶ የክፍሉን ወለል መታ፣ ተንገዳግዶም ጠረጴዛውን ያዘ።

«‹ቁም› የሚለው የታለ?» አለ።

 

«አልፈውታል፣ ጋሼ» አለች ናዝራዊት።