የመሬት ደብተሩ ጠፋ

የኦንካር ዋስትና የተፈቀደው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ጠበቃ ባንዳሪ ከችሎት ወጥተው፣ ኒም ዛፉ ሥር ከተደረደሩት የጠበቆች ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ ፋይላቸውን ጣል አድርገው "ተፈቅዷል!" ሲሉ፣ የኦንካር ሚስት ማንጉ እዚያው አቧራው ላይ ዘጭ ብላ ታለቅስ ጀመር። ሱግና ግን እንደቆመች ቀረች። ኦንካር የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። እሷ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ጸጉሩን አበጥራ ትምህርት ቤት የላከችው እሷ ናት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስም ብሏት ነበር፤ ብቻ ደስታው ፊቷ ላይ ሳይደርስ ፍርሃት ቀደመው።

"የፒስታ አባትስ?" አለች። የባሏን ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም፤ በልጃቸው ስም ነው የምታነሳው።

"የቤሩላል መዝገብ ከፖሊስ ገና አልመጣም። ቀጠሮው የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው።"

"ክሱ አንድ አይደለም እንዴ ጌታዬ?"

"ክሱ አንድ ነው እህቴ። ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው።" መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ትእዛዙን ያነቡ ጀመር። "በዚህ ተከሳሽ እጅ የተገኘ ነገር የለም። የቀረበበት አብሮት የተከሰሰው ወንድሙ ለመርማሪ ሰጠ የተባለው ቃል ብቻ ነው..."

የማንጉ ለቅሶ ቀጥ አለ። "ወንድሙ ሰጠ? ስሙን የሰጡት የገዛ ታላቅ ወንድሙ ናቸው?"

"ተመስገን በሉ እንጂ! ያስፈታው እኮ ይኸው ነው። ከሌላ ተከሳሽ ቃል በቀር ምንም የለም፣ የሌላ ተከሳሽ ቃል ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። አለቀ።"

ለማንጉ አለቀ። ለሱግና ግን ያን ጊዜ ተጀመረ። ቤሩላል የተያዘው መሪ ጨብጦ ነው። ከኋላው በአራት ጆንያ ሃምሳ ስምንት ኪሎ የኦፒየም ፍሬ ቅርፊት ጭኗል። ጭማቂው ለመንግሥት ከተሸጠ በኋላ በባለሥልጣን ፊት መቃጠል የነበረበትን ቅርፊት፣ ከወዲያኛው ግዛት ለመጣ ነጋዴ ሊያደርስ ሲሄድ ነው። ከሃምሳ ኪሎ በላይ ሲሆን ዳኛ ሰውየው ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ካላመነ በቀር አይለቅም፤ ከተፈረደ ደግሞ ትንሹ ዐሥር ዓመት ነው። ፒስታ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ሱግና ከዚያ በላይ መደመር አልፈለገችም።

"ወንድሙ ተፈቷልና እሱም ይፈታ ብዬ እከራከራለሁ" አሉ ጠበቃው፣ መዳፋቸውን ግራ ቀኝ እያወዛወዙ። "ግን እኩል አይደሉም። ለማንኛውም አሁን ለኦንካር ዋስ እንፈልግ። የመሬት ደብተር ይዞ የሚቀርብ።"

ሁለቱም ሴቶች ይህን ያውቁታል። በመንደራቸው በኬርኬዳ ማንም ደብተሩን አያበድራቸውም። ሁሉም ኦፒየም የሚያበቅለው በመንግሥት ፈቃድ ነው፤ ስሙ ከእንዲህ ያለ መዝገብ አጠገብ ከታየ ፈቃዱ እንዳይነጠቅ ይፈራል። የቤተሰቡ መሬት ደግሞ በሱግና ስም ነው። አማቷ ሲሞቱ፣ በሴት ስም ሲመዘገብ ክፍያው ይቀንሳል ተብሎ በእሷ ስም ገባ። ወንድማማቾቹ ያን ቀን "ከዛሬ ጀምሮ ጭሰኞችሽ ነን" እያሉ ሲያሾፉባት ዋሉ።

"ደብተሩ አንዴ ለአንድ ሰው ማኅተም ካረፈበት፣ መዝገቡ እስኪዘጋ ለሌላ አይሆንም" አሉ ጠበቃው። "እንግዲህ ነገ ይዘሽ ነይ።"

"እሺ" አለች ሱግና።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ማንጉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ማንጉ የምታስበውን ሱግና ታውቀዋለች፤ በእሷ ቦታ ብትሆን እሷም ያንኑ ታስባለች። ታላቅ ወንድሙ ሸጦታል። ኦንካር ይህን ሰምቶ ከወጣ ምን ይላል? ጆንያዎቹ ሲሞሉ ግቢ ውስጥ ነበር፤ "ተው ወንድሜ፣ ጥጋብ አይደለም እንዴ ይሄ?" ብሎ ተጣልቶት ወጥቶ ሄዶ ነበር። መርማሪ ጠርቶ "የማን ነው?" ቢለው፣ በንዴት አንዲት ቃል ቢናገር፣ ቤሩላል አበቃለት። ከዚያም ሌላው ፍርሃት መጣ። ዓርብ ዳኛዋ ድንገት ለባሏ ቢራሩለትስ? ዋስ አምጪ ቢሏት ምን ይዛ ትቀርባለች? ማኅተም ያረፈበት ደብተር?

ቤት እንደገባች ደብተሩን ከብረት ሳጥኗ አወጣችው። ጣራ ሥር ቆጥ ላይ ወጥታ ከነጭ ሽንኩርቱ ክምር ስር ወሸቀችው። ሌባ የምትሆነው ለዐሥር ቀን ብቻ ነው ብላ ራሷን አታለለች።

ጠዋት ማንጉ ለብሳ፣ ዓይኗን ተኳኩላ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

"ጂጂ፣ እንሂድ እንጂ! የአንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ያመልጠናል።"

"ደብተሩ የለም።"

"እንዴት የለም?"

"ሳጥኑ ውስጥ የለም። ፈለግሁ፣ አጣሁት።"

ማንጉ አየቻት። ታላቋ ስለሆነች ምንም ልትላት አትችልም፤ እንደ እህት አክብራ "ጂጂ" እያለች የምትጠራት ሴት ናት። ሳጥኑን አብረው ዘረገፉ። የሱግናን የሰርግ ሳሪ፣ የፒስታን የክትባት ካርድ፣ የአማታቸውን ፎቶ አንድ በአንድ አወጡ። አልጋ ገለበጡ። የዱቄት በርሜል ውስጥ ሳይቀር ማንጉ እስከ ክንዷ ድረስ እጇን ከተተች። ሱግናም አብራ ፈለገች፤ ከልቧ የምትፈልግ ይመስል ላቧ ጠብ አለ። አንድ ጊዜ ማንጉ ወደ ቆጡ ቀና አለች።

"እዚያስ?"

"እዚያ ሽንኩርት ነው ያለው። ደብተር ሽንኩርት ውስጥ ምን ይሠራል?"

"እንጃ" አለች ማንጉ ዝግ ብላ። "ሰሞኑን ቤታችን የማይሆን ነገር የለም።"

ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀናት የሚያልፉ አልነበሩም። ሱግና የሞተር ብስክሌት ድምፅ በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች። ጠበቃው ሲደውሉ ስልኩን ለፒስታ ሰጥታ "እናቴ ማሳ ሄደች በይ" ትላለች። ከአንድ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዱ፣ ከአንድ ምድጃ የሚበሉ ሴቶች እየተሸሻሹ መኖር ጀመሩ። በፍለጋው ማግስት፣ ሐሙስ፣ የእስረኛ ጥየቃ ቀን ነበር፤ ሱግና አሞኛል ብላ ቀረች፣ ማንጉ ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ ምን አሉ ብላ ለመጠየቅ ሱግና ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። ፈሪ ሆናለች፤ ራሷንም ጠልታለች። ግን ከቆጡ ላይ አላወረደችውም።

የቀጠሮው ዓርብ ደረሰ። ሱግና ገና ሳይነጋጋ ደብተሩን አውጥታ አቧራውን ጠረገችና ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። አውቶቡስ ውስጥ ማንጉ አጠገቧ ስትቀመጥ ሱግና በሳሪዋ ጫፍ ደረቷን ደጋግማ ሸፈነች።

ችሎቱ ውስጥ ሁሉ ነገር ቶሎ አለቀ። ጠበቃ ባንዳሪ "ወንድሙ በዚሁ መዝገብ ተፈቷል" አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ከወንበሩ እንኳ በደንብ ሳይነሣ "ወንድሙ ቤቱ ተኝቶ ነው የተያዘው፤ ይህ ግን ከነመኪናው ነው፤ ሃምሳ ስምንት ኪሎ!" አለ። ዳኛዋ ገጽ ገለጡ። ሱግና ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ ጉንጫቸውን፣ ቅንድባቸውን፣ እስክሪብቷቸውን ስታይ ቆየች።

"የሁለቱ ሁኔታ አንድ አይደለም። ጥያቄውን አልተቀበልነውም።"

ይኼው ነው። ቀጣዩ መዝገብ ተጠራ።

ቤሩላልን ኮሪደሩ ላይ ፖሊሱ በክንዱ ይዞ ሲያሳልፈው ሱግና ደረሰችበት። ከስቷል። የቀኝ እጁ ጣቶች አብጠው ጠቁረዋል፤ ከሸሚዙ ኪስ ሥር ሊደብቃቸው ይሞክራል። ስለራሱ አንድ ነገር አልጠየቀም።

"ኦንካር ለምን አልወጣም?"

"ደብተሩ... ጠፍቶ ነበር።"

"ተገኘ?"

ማንጉ ከጎኗ ቆማለች። ፖሊሱ "በል፣ በል" ይላል። ባሏ ደግሞ ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም።

"ተገኘ" አለች ሱግና።

"እንግዲያው ዛሬ አስወጪው። ዛሬ፣ ሰምተሻል?"

ወሰዱት። ሱግና እዚያው ግድግዳው ሥር፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ እጇን ደረቷ ውስጥ ከትታ ደብተሩን አወጣችው። ለማንጉ ዘረጋችላት። ማንጉ ተቀብላ በመዳፏ ያዘችው፤ የሱግና ገላ ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር። ትጮሃለች፣ ትሳደባለች፣ ጸጉሬን ትነጨኛለች ብላ ሱግና ጠበቀች። ብታደርገው ደስ ባላት።

"የጸሐፊው ቢሮ ለምሳ ሊዘጋ ነው" አለች ማንጉ። "ቶሎ በይ።"

በቢሮው ውስጥ ሱግናን ይህን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ፣ በየቀጠሮው ታቀርቢዋለሽ ወይ፣ ይህን መሬት ለሌላ ሰው ዋስትና አስይዘሽ ታውቂያለሽ ወይ እያሉ ጠየቋት። አውቀዋለሁ፣ አቀርበዋለሁ፣ አላስያዝኩም አለች። ጸሐፊው የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ አሸተተና "ምን ሊቀቅሉበት ነበር?" ብሎ ሳቀ፤ ማኅተሙንም አሳረፈበት። ሱግና ድምፁን ስትሰማ ወደ ኋላ ብላ ወንበሩን ያዘች። የባሏ በር የተዘጋው ረፋድ ላይ መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ቁልፉ አሁን የዞረ መሰላት።

ትእዛዙ እስር ቤቱ የደረሰው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ኦንካር በትንሿ በር አጎንብሶ ወጣ። በአንድ እጁ ልብሱን የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል። መጀመሪያ ሱግናን አየና ጎንበስ ብሎ እግሯን ነካ። ከዚያ ቀና ብሎ አስተዋላት።

"ባቢ፣ ምን ሆነሻል? የታሰርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

የወንድሙን ሚስት ‘ባቢ’ እያለ ነው የሚጠራት፤ እንደ ድሮው ቀለደባት። ሱግና ቀልዱን መሸከም አቃታት።

"ስምህን ማን እንደሰጠ ታውቃለህ?"

"እሱ ራሱ ነገረኝ፤ በመጀመሪያው ቀን። ታላቅ ወንድሜ እግሬ ላይ ወድቆ! ጣቱን እየደበደቡ ስም አምጣ አሉት። ሌላ ምን ይምጣለት ባቢ? ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋት ማታ የሚጠራው የኔን ስም ነው። እሱኑ ጠራ።"

"አልተቀየምክም?"

"ተቀይሜ ነበር እንጂ! ሁለት ቀን ጀርባዬን ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ቂጣ ሰጡን። እሱ በእነዚያ ጣቶቹ መቁረስ አቃተው፤ በጥርሱ ሊነክስ ሲሞክር አየሁት።" ኦንካር ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ከዚያ ወዲያ እኔ ነኝ ያጎረስኩት።"

ሱግና ማንጉን አየቻት፤ ማንጉ መሬት መሬት ታያለች። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻለችም።

"ደብተሩ አልጠፋም ነበር። እኔ ነኝ የደበቅሁት። ትወጣና ትመሰክርበታለህ ብዬ ፈራሁ።"

"እናውቃለን።"

"ማን ነግሯችሁ?"

"ሐሙስ ማንጉ መጥታ ጠፋ ስትለን እሱ ምን አለ መሰለሽ? ‘ሱግና ያን ደብተር የምትጥል ሴት አይደለችም። ለእኔ ፈርታ ነው። ስትወጣ እንዳትቆጣት’ አለኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዛሬ ትመጣለች፣ ዛሬ ትመጣለች እያለ ሲጠብቅሽ ነበር። ለእኔ ነው የሚጠብቅሽ፣ ለራሱ አይደለም።"

ሱግና ዐሥር ቀን ሙሉ ኦንካርን ስትፈራ፣ ወንድማማቾቹ እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ለእሷ ሲያዝኑ ነበር። ሐፍረቱ ከፍርሃቱ ባሰ። ኦንካር ወደ ብረት በሩ ዞሮ ቆመ።

"እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው" አለ። "እራት አሁን ያድላሉ። ማን ይቆርስለታል?"

መንገድ ዳር ቂጣ የሚጋግር ሰው ነበር። ሱግና እየሮጠች ሄዳ አራት ገዛች። እዚያው ጠርዙ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ትኩሱ ጣቷን እያቃጠላት ለአፍ በሚሆን መጠን ቆራረሰችው። ጋዜጣ ላይ ሰብስባ ወደ በሩ ተመለሰችና በበሩ ትንሽ መስኮት ለጠባቂው አቀበለችው።

ጠባቂው ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ አየ። "ለሕፃን ነው እንዴ?"

"ለባሌ ነው። ጣቱን ታሟል፣ መቁረስ አይችልም። እባክህ ጌታዬ።"

"ሰዓት አልፏል። የውጭ ምግብ የሚገባው በጥየቃ ቀን ነው። ሐሙስ ይዘሽ ነይ።"

"ሐሙስ ሩቅ ነው! ዛሬ ምን ይበላል?"

ጠባቂው ጋዜጣውን በመስኮቱ መልሶ ገፋላትና መዝጊያውን ሳበ። ሱግና ቁራሹን እንደያዘች ቆመች። ከውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ እራት መታደል ጀምሯል።