ደቅሲሳ የቀነጠሰው ቡና

በቡሬ ዙሪያ ከዘራውን መሬት ላይ ሰክቶ የረሳ ሰው፣ በሳምንቱ ተመልሶ ጥላው ሥር ይቀመጣል። ዝናቡ ከላይም ከታችም የሚመጣበት አገር ነው። ስለዚህ ደቅሲሳ የጎረቤቱን የጎንፋን ቡና ለማድረቅ ሲነሳ ቀላል ሥራ አልያዘም።

ቂሙ እንዲህ ነው። ወረዳው የተሻሻለ የቡና ችግኝ ሲያድል የደቅሲሳም ድርሻ ነበረበት። ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨርሶ ነበር። ጎንፋ ግን ለግብርና ባለሙያዋ ለራሄል፣ «ደቅሲሳ እኮ መሬቱን ትቶ ጋምቤላ ወርቅ ፍለጋ ሄዷል» ብሎ ድርሻውን ወሰደበት። ደቅሲሳ የሄደው መቱ ነበር፣ ጥርሱን ሊነቀል። ጉንጩ አብጦ ሲመለስ ችግኞቹ ከደጁ ፊት ለፊት፣ ጎንፋ ማሳ ላይ፣ ተሰልፈው ቆመዋል። ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚያየው እነሱን ነው። እነሱ ያድጋሉ፤ ቂሙም አብሯቸው ያድጋል።

ጎንፋ ደግሞ አይተወውም። «ያ ደቅሲሳ! ወርቁ ተገኘ?» ይለዋል አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ።

ደቅሲሳ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ቢያቋርጥም ከባዮሎጂ አንድ ነገር ይዞ ወጥቷል፤ ተክል ወደ ላይ የሚያድገው ጫፉ ላይ ባለችው እምቡጥ ነው። ስለ ጎን እምቡጦች መምህሩ ያስተማሩት በማግስቱ ነበር። በማግስቱ ደቅሲሳ ዓሣ ሊያጠምድ ወንዝ ወርዷል።

«አናቱን ያጣ ፍጥረት ምን ሊያድግ!» አለ ለራሱ። በገበያ ቀን፣ መንደሩ ሁሉ ቡሬ ሄዶ ሳለ፣ ጎንፋ ማሳ ገብቶ የእያንዳንዱን ቡና ጫፍ በጥፍሩ ቀነጠሰ። «እንካ! አሁን እደግ!» ይላል ለእያንዳንዱ። ሲጨርስ አውራ ጣቱ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ቡናዎቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ደቅሲሳ በደስታ እንቅልፉን ጠገበ። ከዚያ ከተቀነጠሰው በታች፣ ከየቅጠሉ ብብት ሥር፣ ቡቃያ ይወጣ ጀመር። አንዱ ግንድ ሁለት ሆነ፤ ቅርንጫፉ ቅርንጫፍ ወለደ። ያበበ ጊዜማ ከኡካ የሚመጣ ሹፌር ማሳውን አይቶ በረዶ የጣለ መስሎት ፍሬን ያዘ ይባላል።

ወሬው መቱ ደረሰና እንግዶች መጡ። ለምርጥ ገበሬ የሚሰጥ ሙክት በግም አብሯቸው መጣ።

«አቶ ጎንፋ፣» አለች ራሄል፣ «ጫፉን መቁረጥ ማን አስተማረዎት? እኔ ገና ላሠለጥናችሁ እያሰብኩ ነበር።»

ጎንፋ ማን እንደቆረጠው አያውቅም። ግን በጉን አየ። «እኔው ነኝ! በእነዚህ እጆቼ!»

ደቅሲሳ ይህን መቋቋም አልቻለም። «ውሸታም! የቆረጥኩት እኔ ነኝ!»

ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። ጎንፋ ደቅሲሳን አየ፤ እንደገና በጉን አየ። ከዚያ ዘሎ አቀፈው። «ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ እኮ ነው! አብረን ነው የሠራነው፤ ስሙ ሲነሳ አይወድም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ማንን ነው ወንድሜ የምትለው? እንዲደርቅብህ ነው የቆረጥኩት!»

ራሄል ሳቀች። «እንዲደርቅ የፈለገ ሰውማ ከነሥሩ ይነቅላል እንጂ እንዲህ አስተካክሎ ጫፉን ብቻ ይቀነጥሳል?»

ደቅሲሳ ክው አለ። ከነሥሩ! ለካ ከነሥሩ ነበር! ሽማግሌዎቹ «ምን ያለ ትሑት ነው!» እያሉ አጨበጨቡለት።

በጉ እዚያው ታረደ። ደቅሲሳን በግድ ጎትተው ከጎንፋ ጋር አንድ ትሪ ላይ አስቀመጡት። ጎንፋ ትልቁን ሥጋ በእንጀራ ጠቀለለና፣ ሁሉም እያየ፣ እጁን ዘረጋ።

«ብላ እንጂ ወንድሜ!» አለ ጮክ ብሎ። ቀጥሎ ጆሮው ሥር፣ «የከርሞውንም አንተው ትቆርጥልኛለህ።»

ደቅሲሳ ፈገግ አለ። አፉን በሰፊው ከፈተ፣ ጉርሻውን ከነጣቶቹ ተቀበለ፣ ጥርሱንም ግጥም አድርጎ ዘጋ።

የጎንፋን ጩኸት መቱ ሆኖ የሰማ ሰው አለ።