የሽታዬ አፍንጫ

ማንጎውን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ዓይኖቿን ጨፈነች። ከኋላዋ ጥቂት ገዢዎች ቆመዋል፤ እሷ "ይሁን" ካለች ሊሻሙ፣ "ይቅር" ካለች ሊበተኑ። አየሩን ወደ ውስጥ ሳበች። ምንም የለም። ደግማ ሳበች። ጡብ ብታሸትም ከዚህ የተለየ ነገር አታገኝም ነበር።

"ሽታዬ፣ ምነው ዛሬ ተኛሽበት?" አለ ጅምላ ሻጩ፤ ከመኪናው ጭነት ላይ ቁልቁል እያያት።

ሽታዬ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ገበያው ነው ያወጣላት። አናናስ አንዴ አሽታ ለነገ ይደርስ እንደሆነ የምትናገር፣ ከሣጥን ሥር የተደበቀች አንዲት የበሰበሰች ኮክ ከላይ ሆና የምታጋልጥ ሴት ሌላ ምን ተብላ ትጠራ? ስሙን ትወደው ነበር። አሁን ግን በጠሯት ቁጥር የሰደቧት ይመስላታል።

ማንጎውን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ለስለስ ብሎ ተመለሰ። አገላብጣ አየችው። ጠባሳ የለው፣ ነጥብ የለው፣ መልኩ ሙሽራ ነው። ጨነቃት። እምቢ ብትል ምክንያቱን ይጠይቋታል፤ ምክንያት ደግሞ የላትም።

"ይሁን፤ ጫንልኝ" አለች።

ከኋላዋ ያሉት ሣጥኖቹን ተሻሙ። በተለይ ታችኛው መንገድ ላይ ጭማቂ ቤት ያላት ጓደኛዋ ማንጎውን ሳትነካው ነው የገዛችው፤ ሽታዬ ካሸተተችው ምን ቀረ ብላ።

ነገሩ የጀመረው በጉንፋን ነው። ጉንፋኑ ሰንብቶ ሲሄድ ሽታን ይዞባት ሄደ። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያለች በየማለዳው ሳሙናውን ታሸታለች፣ ሎሚ ትቆርጣለች፣ የታጠበ ልብስ ውስጥ ፊቷን ትቀብራለች። ወይ ፍንክች። ለማንም አልተናገረችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚገኘው። ቤቱንም ጭማቂ ቤቱንም የሚጋሩት እሷና አማቷ ናቸው፤ ከሰው ሁሉ ይልቅ ደግሞ እንዳያውቁባት የምትፈልገው አማቷን ነው።

ጭማቂ ቤቱ የአማቷ ነበር። ገበያ መሄድ ትተው ቅርጫቱን ያስረከቧት ቀን፣ "ከእኔ አፍንጫ የአንቺ ይሻላል" ብለዋት ነበር። ምስጋና በጉጠት እንኳ የማይወጣቸው ሴትዮ ናቸውና በትዳር ዘመኗ ሁሉ ከእሳቸው የሰማችው መልካም ቃል ይኸው ብቻ ነው። አፍንጫዋ መሄዱን ቢያውቁ ቅርጫቱን ይቀበሏታል። ቅርጫቱ ከሄደ ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ እሷ ማን ናት? ይህ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳት።

ሱቁ ስትደርስ አማቷ እንደ ልማዳቸው ጥግ ካለች ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ሣጥኖቹ ሲገቡ እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው እሷን አዩ፤ ከዚያ ወደ ብርቱካናቸው ተመለሱ። ይህ አስተያየት አናደዳት። ሰሞኑን ደግሞ አመል አውጥተዋል፤ ከእሷ ቀድመው እየተነሱ ሣጥኖቹን ይበረብራሉ። ትናንት ፓፓያው ላይ ጎንበስ ብለው ስታገኛቸው ምን እየፈለጉ እንደሆነ ጠይቃቸው፣ "እያየሁ ነው" ብቻ ብለዋት ነበር። እንከን ፍለጋ ነው ብላ ደመደመች።

ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀመረ። ሰው ሁሉ ጥላና ቀዝቃዛ ነገር የሚፈልግበት ወቅት ነው፤ ሀብሐብ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ድምፅ ብቻውን ደንበኛ ይጠራል። እሷ ግን አንድ ቦታ መቆም አቃታት። የተጠረገውን መደርደሪያ ጠረገች፤ ጊሽጣውን ከላይ ወደ ታች፣ አናናሱን ከታች ወደ ላይ አዛወረች፤ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ምን እንደፈለገች ረስታ ዘጋችው። ማንጎ ቆርጣ ቀመሰች። ጣፋጭ ነው፤ ግን ጣፋጭ ብቻ ነው። ስኳር ውስጥ የተነከረ ጥጥ የምታኝክ መሰላት። ድሮ የወቅቱን የመጀመሪያ ማንጎ ቆማ ነበር የምትበላው፤ እስከ ክርኗ እየተንጠባጠበ፣ ማንም እንዳያናግራት እየተቆጣች። ያ ትዝ ሲላት እንባዋ መጣ።

አንድ ባለታክሲ የማንጎ ጭማቂ አዘዘና አንዴ ጎንጭቶ አስቀመጠው። ምነው ብትለው ጠግቤ ነው አለና ከፍሎ ወጣ። ብርጭቆውን አንስታ በብርሃን አየችው፤ ፍጹም ንጹሕ ነው። አማቷን አየቻቸው፤ አቀርቅረው ይልጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ማዶ ያለው መሥሪያ ቤት ለሒሳብ ሹሙ የጡረታ ሽኝት አለው። ኬክ አይወዱም፣ ፍራፍሬ ይሁንላቸው ተብሎ ትሪው የታዘዘው ከእሷ ነው። ሒሳብ ሹሙ የድሮ ደንበኛ ናቸው፤ በየዓመቱ ማንጎ ሲገባ "ሽታዬ የመረጠችልኝን" ብለው ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ ትሪውን ከልቧ ሠራችው፤ ዙሪያውን ሀብሐብና ኮክ፣ መካከሉን ማንጎ። ሲያዩት ያስጎመጃል። በፕላስቲክ ሸፍና አንስታ ወደ በሩ ስትሄድ አማቷ ከዱካቸው ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ።

"አስቀምጪው" አሉ።

"ምነው እትዬ? ሰዓቱ ደርሷል እኮ።"

"ማንጎው ናፍጣ ናፍጣ ይላል።"

ትሪው እጇ ላይ ከበዳት። ከናፍጣ በርሜል ጋር የተጫነ መሆን አለበት፣ ገበያው ራሱ በመኪና ጭስ የታፈነ ስለሆነ እዚያ ማንም አይለየውም፣ እዚህ ግን ከበሩ ጀምሮ ይሸታል አሏት፤ ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ ያህል ረጋ ብለው። የፍርሃቷን ቦታ ንዴት ያዘው።

"ታዲያ ጠዋት ስገባ ለምን አልነገሩኝም? እስኪቆረጥ፣ ሰው ፊት እስክዋረድ ነው የጠበቁት?"

"አንቺ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት።"

"ምኑን?"

"ወተቱ ያረረ ቀን ነው ያወቅሁት። ጎረቤቱ ሁሉ በጭሱ ሲያስል አንቺ ምድጃው አጠገብ ቆመሽ በስልክ ትስቂ ነበር።" ትሪውን ከእጇ ተቀበሏት። "ከዚያ ወዲህ ማልጄ እየተነሳሁ የተበላሸውን አወጣለሁ። አንቺ ደግሞ ሌባ የያዝሽ ይመስል ታፈጭብኛለሽ።"

ዱካው ላይ ቁጭ አለች። ቅርጫቱን እንደተቀማ ልጅ ዓይነት ድምፅ ወጣት፤ "ከእኔ አፍንጫ የአንቺ ይሻላል ብለውኝ ነበር" አለች።

አማቷ ትሪውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ።

"ውሸቴን ነው" አሉ። "አፍንጫዬ ደህና ነበር። ዓይኔን ነው ሞራ የጋረደው። ጥሬውንና የበሰለውን ሙዝ መለየት ሲያቅተኝ፣ ገበያው ሳይስቅብኝ ብዬ ቅርጫቱን ሰጠሁሽ። ደግሞ ያንቺም መጥፎ አልነበረም።"

ምን እንደሚሰማት አላወቀችም። ያቺን አንዲት ምስጋና ስንት ዓመት እንደ ወርቅ ቋጥራ ይዛት ኖራለች። ሲፈታ መዳብ ሆነ። ቅር ሊላት ይገባ ነበር፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

"እትዬ፣ እና ሁለታችንም ስንደባበቅ ነው የከረምነው?"

"አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ሲባል አልሰማሽም? አንድ ፊት ላይ ነን እኮ" አሉና ከዱካው ሥር የወረቀት ከረጢት ጎትተው አወጡ። ጠዋት እሷ ሱቁን ስትዞር ጎረቤት ልከው ያስገዟቸው ማንጎዎች ናቸው። አንዱን አሽተው ሰጧት። "ይኼ ደህና ነው። ቶሎ በይ፣ ቁረጪ።"

ቢላዋውን አነሳች፤ ከዚያ ቆመች። "ምን ምን ይላል?" አለች።

"ማንጎ ማንጎ ይላል እንጂ ሌላ ምን ይላል?"

"ይንገሩኝ በእናትዎ።"

አማቷ ማንጎውን እንደገና ተቀበሏት። ቃላት የማይበረክትላቸው ሴት ናቸውና ግንባራቸው ተኮሳተረ። "ከላይ... ማር አለው። ማሩ ሥር ደግሞ እንጨት፤ ገና የተሰነጠቀ እርጥብ እንጨት። መጨረሻ ላይ ትንሽ ኮምጠጥ ይልና አፍሽ ውኃ ይሞላል" አሉ፤ ራሳቸው እንደተገረሙ። እውነትም የእሷ አፍ ውኃ ሞላ። አንድ ቁራጭ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ አኘከችው። ሽታው አልተመለሰም፤ ግን የት ቦታ ይመጣ እንደነበር አስታወሰችው።

ትሪው በሰዓቱ ማዶ ደረሰ። ሒሳብ ሹሙ አንዱን ማንጎ ጎርሰው፣ ሽታዬ ዘንድሮም አላሳፈረችኝም ብለው ለባልደረቦቻቸው ሲናገሩ ሰማች። አፏን ልትከፍት ፈልጋ ዝም አለች። በሽኝታቸው ቀን ደስታቸውን መቀነስ አልፈለገችም፤ የራሷ ዝምታ ግን መንገዱን ሁሉ ቆረቆራት።

ሱቁ ስትመለስ ሊመሽ ተቃርቦ ነበር። ሳትቀመጥ ስልኳን አንስታ ታችኛው መንገድ ላይ ጭማቂ ቤት ላላት ጓደኛዋ ደወለች። ማንጎው ናፍጣ ስለሚሸት የቀረሽን ሳትሸጪ መልሺው አለቻት። ጓደኛዋ ሳቀች፤ አንቺው አይደለሽ እንዴ አሽተሽ የመረጥሽው አለች።

"አላሸተትኩትም" አለች። "ከታመምኩ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ለሌሎቹም ንገሪያቸው።"

ስልኩን ስትዘጋ አማቷ ልጣጩን በከረጢት እየሰበሰቡ ነበር።

"አሁን ገበያው ሁሉ ሰማ" አሉ።

"ይስማ። ነገ አብረን ነው የምንሄደው። እኔ አያለሁ፣ እርስዎ ያሸታሉ።"

"በዚህ ዕድሜዬ ጎትተሽ ስትወስጂኝ ሰው ምን ይላል?"

"ሽታዬ እናት አለቻት ይበላ።"

አማቷ የከረጢቱን አፍ ሁለቴ ቋጠሩት፤ አንዴ ይበቃው ነበር። እሷም ሁልጊዜ ብቻዋን የምታንጠለጥለውን ትንሹን ቅርጫት ሚስማሩ ላይ ተወችው፤ ከጓዳ ለሁለት ሰው የሚያዘውን ባለሁለት እጀታ ትልቁን አውጥታ አቧራውን አራገፈችና በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።