የማይሞላው ባትሪ

ፈሪድን ከናዝሬት ድረስ ያስመጣሁት ትራክተሩ አሳዝኖኝ አይደለም። ብረት አያሳዝነኝም። ባጫ እንዳይሄድብኝ ነው።

ባሌ ጆቴ ሲሞት ከደራ ወጣ ብሎ ያለውን መሬትና ይህን ቀይ ትራክተር ትቶልኝ ሄደ። ልጅ አልወለድንም። ሹፌራችን ባጫ ግን ቀረ። የእኔን መሬት ያርሳል፣ የጎረቤቱንም በኪራይ ያርሳል፣ ማታ ከእኔ ጋር ይበላል። ሀርሜ ይለኛል፤ እናቴ ማለቱ ነው። ሚስቱ ጋዲሴ ላንጋኖ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ ልጃቸውም እዚያው ነው። ወር ሲያልቅ ሄዶ አይቷቸው ይመለሳል። አንድ ማታ ታዲያ፣ "ሀርሜ፣ እዚያ ጀልባ የሚነዳ ሰው ይፈልጋሉ አሉ" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። በነጋታውም አላነጋገርኩት፣ በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ ወዲያ ጀልባ የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የትራክተሩ ባትሪ መሞት ጀመረ። ጠዋት ቁልፉን ሲያዞረው ጠቅ ይልና ዝም። ጎረቤት ተለምኖ ይገፋል፤ እኔ ደግሞ መለመን አልወድም። ባጫ ባትሪውን ደራ ወስዶ አስሞልቶ ይመጣል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ተመልሶ ይሞታል።

"አርጅቷል እኮ ሀርሜ። ለቁራሌው ቢሸጡት ይሻላል።"

"እኔም አርጅቻለሁ። አብረህ ሽጠኛ" አልኩት።

ትራክተር ከሌለ ሹፌር ምን ይሠራል? ይሄዳል። እኔም ከግድግዳ ጋር እራት እበላለሁ። ስለዚህ ባጫ ሳይሰማ በጎረቤት ስልክ አስደውዬ ፈሪድን ጠራሁት።

ፈሪድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው፤ ከጆቴ ጋር የድሮ ወዳጆች ነበሩ። የዕቃ ሻንጣውን ይዞ ከባጃጅ ሲወርድ ባጫ ከትራክተሩ ጎማ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሰውየውን ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

"እማማ ሎሚ፣ እንዴት ነዎት? ከስተዋል።"

"አንተ ወፍረሃል። የእኔንም የምትበላው አንተ ነህ ማለት ነው። በል ሥራህን ሥራ።"

እየሳቀ ጀመረ። መጀመሪያ መለኪያውን ባትሪው ላይ ደገነና፣ "ባትሪው ደህና ነው፤ የሚሞላው አጥቶ ነው" አለ። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ አልረገበም። ባትሪው ትናንት ደራ ተሞልቶ ስለነበር ሞተሩን አስነሳና እንደገና ለካ። እኔ ቁጥር አላነብም፤ ፊት ግን አነባለሁ። የፈሪድ ፊት አልተደሰተም።

ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ብቻ ከፈተ። "እዚህ ጋ ቀይ መብራት መብራት ነበረባት። የታለች?"

"ተቃጥላለች" አለ ባጫ፣ ቶሎ ብሎ።

ፈሪድ አምፖሏን ነቅሎ ከባትሪው ጋር አገናኛት። በራች።

"ይቺማ ከእኔም ከአንተም ትበረታለች።"

"እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ" አለ ባጫ።

ፈሪድ ከዲናሞው ጀርባ እጁን ሰደደ። "ከዚች መብራት ወደ ዲናሞው የምትሄድ ቀጭን ሽቦ አለች፤ ዲናሞውን ሥራ ጀምር የምትለው እሷ ናት" እያለኝ ሲዳብስ እጁ ቆመ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሽቦዋ አልተበጠሰችም። አይጥም አልበላትም። ጫፏ በጥቁር የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ጥቅልል ተደርጎ ከወፍራሙ ሽቦ ኋላ ተሸጉጧል። እሷን ያስራት የነበረው ብሎን ባዶውን ተመልሶ ጥብቅ ብሏል።

ትራክተር ሲንገጫገጭ ብሎን ይፈታል። ናስትሮ ግን አይጠቀልልም። ይህ ልጅ ሲያጠፋ እንኳ እሳት እንዳይነሳብኝ ተጠንቅቆ ነው ያጠፋው።

ፈሪድ እኔን አየኝ፣ ባጫን አየው፣ ከዚያ መፍቻውን ያገላብጥ ጀመር። "እንዲያው... ተላቅቃ ነው" አለ። ጨዋ ነው፤ ውሸት ግን አይችልበትም።

"ከተላቀቀች እሰራት።"

እስኪያስራት ባጫን አየሁት። ዐይኑን ከመሬት አላነሳም። ተቆጥቼ ነበር፤ በዚህ ምላሴ ልገሸልጠው አፌን ከፍቼም ነበር። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ሰውየው ሚስቴና ልጄ ጋ ልሂድ ብሎ እንዳይነግረኝ ይሉኝታ ያዘው። እኔም እንዲናገር በር አልከፈትኩለትም። ትራክተሩ ሞቶ ቢሸጥ ኖሮ ሁላችንም ሳንነጋገር እንገላገል ነበር።

ፈሪድ አምፖሏን ቦታዋ መልሶ ቁልፉን ከፈተ። ቀይዋ መብራት በራች፤ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች። "በቃ፣ አሁን ይሞላል" አለ ፈሪድ። ሁለቱም እኔን ይጠብቃሉ።

"ባጫ።"

"አቤት፣ ሀርሜ።"

"ከዛሬ ጀምሮ አባርሬሃለሁ።"

ቀና አለ።

"ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት ሽቦ ማየት ያቃተው ሹፌር አልፈልግም። ጀልባ ይሻልሃል። ሐይቅ ላይ የምትገጨው ዛፍ የለም።"

"ሀርሜ፣ እኔ እኮ..."

"እኔ እኮ አትበለኝ። ልብስህን ሰብስብ። ፈሪድ ሲመለስ አብረኸው ውጣ።"

"እርሻውስ? ማን ያርስልዎታል?"

"ለእኩል የሚያርስ ሞልቷል። አንተን ብሎ አሳቢ።"

ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ትከሻውን ያዝኩት። ከዚያ በላይ ከቆየ እኔም የምናገረውን አላውቅም ነበር። "ለጋዲሴ አሮጊቷ አባረረችኝ በላት፤ ጥሏት መጣ እንዳትልህ" አልኩት። ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣና ልብሱን ሊያመጣ ገባ።

ፈሪድ ከመሄዱ በፊት ማጥፊያውን አሳየኝ። "ባትሪው እስኪሞላ ይሥራ፤ ሲበቃዎ ይቺን ይጎትቱ።" ባጃጁ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ባጫ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ፤ እኔ አንድ ጊዜም እጄን አላነሳሁም።

ወንበር አውጥቼ ከትራክተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ባትሪው ከሞላ ቆይቷል፤ ይህን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገኝም። ተነሥቼ ማጥፊያውን ያዝኩ። ሞተሩ ከጠፋ ግቢው ውስጥ የሚሰማ ሌላ ነገር የለም። ነዳጁ ይለቅ አልኩና፣ ለቅቄው ተመልሼ ተቀመጥኩ።