ድቡ ለማን ይሁን

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ቅርጭጭ፤ ጸጥ። ቅርጭጭ፤ ጸጥ። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ አፍንጫችን ድረስ ስለደረሰ ከበረዶ መንሸራተቻ ስኪዬ ጫፍ ወዲያ ምንም አይታይም ነበር። ሌሊት የጠነከረ የበረዶ ቅርፊት እንዲህ የሚጮኸው ክብደት ያለው ነገር ሲረግጠው ነው።

ከተቀመጥኩበት የአጋዘን ቆዳ ላይ ተስፈንጥሬ ተነሣሁና ጠመንጃዬን አቀባበልኩ።

«ቁጭ በል» አለኝ አጎቴ ጌራሲም። እሱ የዓሣ ቋንጣውን እያላመጠ ንቅንቅ አላለም።

«መጣ እኮ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ሽማግሌው ነዋ!»

በእኛ መንደር በረዶው መቅለጥ ከጀመረ ወዲህ አውሬውን በስሙ የሚጠራ የለም፤ ይሰማል። እዚህ ወረቀት ላይ ድብ እያልኩ የምጽፈው ማንበብ አይችልም ብዬ ነው።

«ሽማግሌው አራት እግር አለው» አለ ጌራሲም። «ይኼ ሁለት ነው። ያውም ቀኙን ይጎትታል። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርግ።»

አፈሙዙ ገና ሳይወርድ ከጭጋጉ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ።

«ትተኩሳለህ ወይስ ሻይ ትጠጣለህ?»

አኩሊና ነበረች፣ የጌራሲም ታናሽ እህት። ከወንዙ ዳር ጎጆዋ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ሽቅብ ወጥታ፣ ቴርሞስና በጨርቅ የተጠቀለለ ቂጣ አዝላ መጣች። ጥይቱን ከጠመንጃው አውጥቼ ኪሴ ልከተው ብል ሁለቴ በረዶው ላይ ወደቀብኝ።

«የኔ የከሰል ልጅ» አለችኝ ጉንጬን በጓንቷ መታ እያደረገች፣ «ተኩሰህ ጥለኸኝ ቢሆን ለማን ትሰጠኝ ነበር? ከአጥንት በቀር ምን አለኝ?»

ሻይ ቀዳችልን። ከዚያ ወንድሟ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ሳለ ወደ እኔ ዞረች።

«ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ ቂጣው የትናንት ነው። ለጥርሱ ይጠንቀቅ።»

«ንገራት» አለ ጌራሲም ወደ ጭጋጉ እያየ፣ «ከምላሷ የጠነከረ ነገር ገና አላኘክሁም።»

«ሰምቻለሁ!»

«እኔ የማወራው ከልጁ ጋር ነው።»

ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ናቸው። ሰው ከጠፋ በውሻው በኩል ይነጋገሩ ነበር። ውሻው አምና ሞተ፤ ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ።

ሊዮንቲ እባላለሁ፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። በብርዱ ወራት የመንደሩ ማሞቂያ ቤት ውስጥ ከሰል እዝቃለሁ። እናቴ ፖስታ ቤት ተቀጥራ ወደዚህ ስታመጣኝ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሷ ወደ ከተማ ስትመለስ እኔ ቀረሁ። ጌራሲምን አጎቴ፣ አኩሊናን አክስቴ የምለው በዝምድና ሳይሆን በልማድ ነው። ሁለተኛ ደረጃን እስክጨርስ ድረስ የሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ የምስለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለት ሰዎች በስኪ፣ ፊት ጌራሲም፣ ኋላ እኔ፣ ከማዶ አንድ ጥቁር ነጥብ። ነጥቡ ድቡ ነው። መምህርቷ አንድ ቀን አይታው «ይቺ ዝንብ ደግሞ ምንድን ናት?» ብላኛለች።

ጌራሲም በሄሊኮፕተር የሚመጡ እንግዶችን እየመራ ድብ የሚያሳድን ሰው ነው። ሦስት ዓመት ለመንኩት፤ ሦስት ዓመት «አንተ አርፈህ አትቀመጥም» አለኝ። ዘንድሮ የአደን ፈቃዱን ራሴ አውጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ብዙ አየና «እሺ» አለ። «ከሆነልህ፣ ቅጠል ሲረግፍ አብረኸኝ ትወጣለህ። ጓደኛዬ ትሆናለህ። ካልሆነልህ ወደ ከሰልህ።»

የአኩሊና ባል ኒኪፎር ከሞተ ወዲህ ጌራሲም የአደን ጓደኛ የለውም። እንግዶቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ከድቡ ይልቅ «ጓደኛዬ» የምትለዋን ቃል ነበር ከሰል እየዛቅሁ ሳመነዥካት የከረምኩት።

ያ ቀን አራተኛችን ነበር። የወንዙ በረዶ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ በማግስቱ ካልወረድን መሻገሪያ አይኖርም። ሦስቱን ቀን ጌራሲም እንደ ጉቶ ተቀምጦ ማዶውን በመነጽር ሲቃኝ፣ እኔ ጓንቴን ሳወልቅ ሳጠልቅ፣ የስኪዬን ማሰሪያ ሳጠብቅ ሳላላ፣ ጥይቴን ስቆጥር ነው ያለፈው። አምስት ነው። እንደገና ስቆጥረውም አምስት ነው። «ዓይንህ ይሂድ፣ አንተ ተቀመጥ» ይለኛል። ዓይኔም አልሄደ፣ እኔም አልተቀመጥኩ።

ቂጣው ሲያልቅ ጌራሲም «ነፋሱን አይቼ ልምጣ» ብሎ ሽቅብ ወጥቶ ጭጋጉ ዋጠው። አኩሊና እስኪርቅ ጠበቀች።

«ኒኪፎርን ታስታውሰዋለህ?»

«ሃርሞኒካ የሚነፋውን? እንዴት እረሳዋለሁ!»

«የመጨረሻው ጸደይ ላይ ሳንባውን ታሞ ተኝቶ ነበር። ያ ሰውዬ» በአገጯ ወደ ላይ አመለከተች፣ «ትልቅ ሽማግሌ ጣለ፤ ከዚሁ ተራራ። መንደሩ ሁሉ ለኒኪፎር ነው አለ። ሃያ ዓመት ከአንድ ድስት የበሉ ሰዎች ናቸው። እኔማ ለሳንባ ይሆናል የሚሉትን ሞራ የማቀልጥበትን ብረት ድስት አጥቤ ደፍቼ ጠበቅሁ።»

«ከዚያስ?»

«ለባለ ሱቁ ሰጠው።»

በእኛ ዘንድ የጣለ ሰው አይወስድም። ሥጋውም፣ ሞራውም፣ ቆዳውም ገዳዩ ስሙን ለጠራው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በየቤቱ ያከፋፍላል። የጠራውና የተጠራው ከዚያ ወዲያ እንደ ወንድማማች ይተያያሉ። ለራሴ ማለት ነውር ነው፤ ያለ ሰውም ሰምቼ አላውቅም። ደብተሬ ላይ ግን ይህን አልሳልኩትም። በእኔ ሐሳብ ቆዳው ሁልጊዜ የኔ ግድግዳ ላይ ነበር።

«ለምን ዘለለው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ! ሰባት ዓመት ሙሉ መቼ ተናገረ? ሞራው እንደማያድነው አውቃለሁ፣ ሕፃን አይደለሁም። ግን ኒኪፎር ያን ዕለት ትራስ ተደግፎ በሩን ሲያይ ዋለ። መጥተው ያንተ ነው እስኪሉት።» የቴርሞሱን ክዳን አጥብቃ ጠመዘዘች። «በኅዳር ሞተ።»

ጌራሲም ሲመለስ ስኪዋን እያሰረች ነበር።

«ነፋሱ ወደኛ ነው፤ ጭጋጉም ሊነሣ ነው» አለኝ።

«ንገረው» አለች፣ «ተኩስ ከሰማሁ የበረዶ ላይ ሞተሬን አስነሥቼ እመጣለሁ።»

«ንገራት፣ ገመድ እንዳትረሳ።»

ከቀኑ አምስት ሰዓት ግድም ጭጋጉ ባንዴ ተገለጠ። ጌራሲም መነጽሩን ሳያነሣ በጣቱ ወደ ማዶ አሳየኝ። በረዶው የለቀቃት ቡናማ መሬት ላይ፣ ከቁጥቋጦው ሥር፣ አንድ ጥቁር ነጥብ። ዝንብ የምታህል።

ሸለቆውን ወርደን በሌላው ወገን መውጣት ጀመርን። ቅርፊቱ በፀሐይ ለስልሶ እግራችንን ይውጥ ነበር። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረን ድቡ ተዟዟረና ከቁጥቋጦው ጀርባ ተኛ። ጌራሲም መዳፉን ወደ ታች አደረገ፤ እንጠብቅ ማለቱ ነው።

ጠበቅን። ፀሐይዋ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሄደች ነው። ቢነሣና በወዲያ በኩል ቢወርድስ? ወንዙ ዛሬውኑ ቢከፈትስ? ቅጠል ሲረግፍ እኔ የት ነኝ? ብድግ ልል ስል ጌራሲም ቀበቶዬን ይዞ ያስቀምጠኛል። በሦስተኛው ጊዜ ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ ቀበቶዬን ከበርች ዛፍ ሥር ጋር አሰረው። እንደ ፍየል።

«አጎቴ፣ ይኼ...»

«ዝም። ሣር አመጣልሃለሁ።»

ድቡ ሲነሣ መጀመሪያ የታየኝ ጀርባው ነው። ቁጭ ብሎ፣ ልክ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው፣ ሆዱን አከከ። ከዚያ ጎኑን ሰጠን።

«አሁን» አለ ጌራሲም።

ተኮስኩ። ወደቀ፣ ተነሣ፤ ደገምኩት። በበረዶው ላይ ተንሸራቶ ቁልቁል መጣና ድንጋይ ያዘው። እኔም ወደ እሱ ስሮጥ ሲባጎው ጎትቶ በጀርባዬ ዘረረኝ።

ጌራሲም ከአጠገቡ ደርሶ ቆቡን አወለቀ። ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ተራራው «ቋ! ቋ! ቋ!» አለ። የገደሉት ቁራዎች እንጂ እኛ እንዳልሆንን ሽማግሌው እንዲያምን ነው።

«አንተም» አለኝ።

እኔም ጮኽኩ። ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረ።

ካሰብኩት አነስ ይላል። ሆዱ ላይ ፀጉሩ አልቋል፤ አፈር አፈር ይሸታል። የመዳፉ ቆዳ ከብርዱ ወራት እንቅልፍ በኋላ ተልጦ፣ አዲሱ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«ጥሩ ተኩሰሃል» አለ ጌራሲም። ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አየሁ። «ቅጠል ሲረግፍ...» ብሎ ጀመረና መቅደም ያለበት ነገር ትዝ ሲለው ተወው። ቢላዋውን አውጥቶ በእጀታው በኩል ሰጠኝ። «ለማን ነው?»

የመጀመሪያ ድብ መርቶ ላደረሰህ ሰው ነው የሚሰጠው። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እሱም መልሱን ሳይጠብቅ እጅጌውን ይጠቀልል ጀመር። ለአንተ ልል አፌን ከፈትኩ። እጅጌውን ሲጠቀልል ያየሁት ያ እርግጠኝነቱ ነው መሰለኝ ያቆመኝ። አንድ ሰው ትራስ ተደግፎ በር ሲያይ ታየኝ።

«ለአኩሊና» አልኩ።

እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ።

«ለማን?»

«ለአክስቴ አኩሊና።»

«የሚያበስረው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ያኔ ነው የገባኝ። የጣለ ሰው አያበስርም። አብሮት የነበረው ነው፣ የተጠራውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ በገዛ አፉ ያንተ ነው የሚለው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ! በዚያች ሰዓት ግን ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ነበር።

«ልለውጠው?» አልኩት።

«ቁራዎቹ ሰምተዋል። የተጠራ ስም አይመለስም።»

ከታች ሞተር ተነሣ። ጌራሲም ድቡን ዞረው፤ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ዞረው። ፒፓውን አወጣና ትንባሆ ሳይሞላ መልሶ ከተተው። አራት ቀን ሙሉ ያላየሁትን ጌራሲም ነው ያን ጊዜ ያየሁት።

አኩሊና ሞተሩን አጥፍታ እያነከሰች መጣች። ድቡን አየች፣ እኔን አየች።

«ያ የሚንጫጫው ቁራ አንተ ነህ? ታች ሆኜ ስሰማ ዶሮ መስሎኝ!» ገመዱን ዘረጋችልኝ። «በል ንገረው፣ ገመዱ ይኸው።»

ጌራሲም ንገራት አላለም። ቆቡን እንደገና አወለቀ።

«አኩሊና» አለ።

ገመዱ ከእጇ ወደቀ።

«ያንቺ ነው። ልጁ ያንቺ ነው ብሏል።»

ጓንቷን አውልቃ የድቡ ግንባር ላይ እጇን አኖረች፤ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችና ሥራ ጀመረች። እኛ እግር ያዙ ስትለን እግር ያዝን፣ ጎትቱ ስትለን ጎተትን። ቆዳው ተገፈፈ። ሥጋውን እየቆረጠች በረዶው ላይ ትደረድራለች። «ይኼ ለነርሷ። ይኼ ለእነ ማትቬይ፣ ልጆች አሏቸው። ይኼ ለባለ ሱቁ።» ለባለ ሱቁ ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። ሞራውን ለብቻ ከረጢት ውስጥ አደረገች። ከጎኑ ጥሩውን ቆረጠችና ከሌላው ለይታ አስቀመጠችው።

«ይኼ ላንተ ነው፣ ጌራሲም።»

ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙን ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም። እሱም ሥጋውን አየው እንጂ አላነሣውም።

«አፍህ ከተከፈተ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። ተንበርክካ እንዳለች ነው፤ ቢላዋው ጭኗ ላይ ነው። «ኒኪፎርን ያን ጊዜ ለምን ዘለልከው?»

ጌራሲም እሷን አየ። እኔን አየኝ። ጎንበስ ብሎ ደም የነካውን እጁን በበረዶ አሸት አሸት አድርጎ አጠበ፣ በሱሪው አደረቀ፣ ጓንቱን አጠለቀ። ስኪውን ገልብጦ ከሥሩ የተጋገረውን በረዶ አራገፈ፣ እግሩን ከተተ፣ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገ።

«አጎቴ!» አልኩ። «ልምጣ?»

ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገና በሸንተረሩ በኩል፣ መንደሩም ጎጆውም በሌለበት አቅጣጫ፣ «ቅጠል ሲረግፍ» ብሎ የጀመረውን ሳይጨርስልኝ ሄደ።