ከገዳሙ ግንብ ጀርባ የታቆረው ውሃ

ማሽኑን ዳገት ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ታሪኩንም እኔ ብናገረው ይሻላል።

የመንደራችን ባላባት ታጅባር ኻን የእንግዳ ቤት ሊሠራ ተነሳና ጥርብ ድንጋይ አማረው። ከመንደራችን በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ የጥንት የቡድሃ መነኮሳት ገዳም ፍርስራሽ አለ። ጣሪያቸው የወደቀ ትንንሽ ክፍሎች፣ አናቱ የተገመሰ ክብ መቅደስ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የሦስት ሰው ቁመት ያለው ረጅም ግንብ። ኻኑ ዓይኑን የጣለው ግንቡ ላይ ነበር። የፍርስራሹ ጠባቂ፣ ሁላችንም ካካ፣ አጎቴ፣ የምንላቸው ሚርዳድ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሚንጎራ ከተማ እስኪወርዱ ጠበቅን። በሄዱ ቀን በኤክስካቫተሬ ግንቡ እግር ሥር አፈር ከምሬ ለማሽኑ መውጫ መንገድ አበጀሁ። ከዚያ ዝናቡ ጀመረና ሁለት ቀን ሙሉ አላባራም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ ወጣች፤ እኛም ሥራ ጀመርን። ሦስት ድንጋይ ነቅዬ፣ ኻኑ ወደ ግቢው አስወስዷቸው፣ ወደ አራተኛው ስዞር ካካ ሚርዳድ ከማሽኑ ፊት መጥተው ቆሙ። ገና ከአውቶቡስ መውረዳቸው ነው፤ ቦርሳቸው ትከሻቸው ላይ ነበር።

"አጥፋው ሻምሮዝ" አሉኝ።

ኻኑ ከጎኔ፣ የማሽኑ መወጣጫ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። "አንተ ሽማግሌ፣ በስተርጅና ጣዖት ማምለክ ጀመርክ እንዴ?"

"ሶላቴን የምሰግደው እርስዎ በሚሰግዱበት መስጊድ ነው፣ ኻን ሳሂብ። ጎህ ሲቀድ ስለማይመጡ ነው ያላዩኝ።"

ኻኑ ሳቁን ዋጠው። "ታዲያ ከግንቡ ጀርባ ምን ደብቀሃል? ወርቅ?"

"ውሃ።"

መዳፋቸውን ግንቡ ላይ አሳረፉ። ሲያነሱት በጭቃ ርሶ ነበር። "መነኮሳቱ ከኋላ ቦይ ሠርተውለታል፤ ከተራራው የሚወርደው ውሃ በዚያ አልፎ ከእግሩ ሥር ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሲወርድ አይቻለሁ። ዛሬ ጠብታ የለም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የቦዩ አፍ የታለ?"

ማሽኔ የቆመበትን የአፈር ክምር አየሁ፤ እሳቸውም አዩት። ድንጋይ ከነቀልኩበት ቀዳዳ ጭቃ ይንጠባጠብ ነበር፤ ከቀዳዳው በላይ ግንቡ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል። ስነቅል እንዴት ሳላየው ቀረሁ?

ከበታቻችን ሦስት ቤቶች አሉ። አንዱ የኻኑ እህት የስፖግሜይ ቤት ነው። ጣሪያው ላይ ወጥታ ልብስ ስታሰጣ፣ ልጆቿም ግቢው ውስጥ ሲሯሯጡ ከላይ ይታዩኝ ነበር።

"ሥራህን ቀጥል" አለኝ ኻኑ። "ታጅባር በሽማግሌ ወሬ ፈርቶ ተመለሰ ሊባል ነው?"

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ከግንቡ መሃል አንድ ድንጋይ ማንም ሳይነካው ተስፈንጥሮ ወጣ። ቁልቁል ተንከባለለና የስፖግሜይን አጥር መታ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችን። ከድንጋዩ ቦታ ውሃ መርጨት ጀመረ።

"እኔ ብጠራቸው ማንም አይወጣም" አሉ ካካ ሚርዳድ። "እርስዎን ግን ይሰማሉ።"

ኻኑ አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ሲቀር እንኳ ዞር ብሎ አላየም፤ የእህቱን ስም እየጠራ ቁልቁል ሮጠ።

እኔም መሸሽ እችል ነበር። ማርሹ ላይ እጄን አድርጌ እንደነበር አልዋሽም። ካካ ሚርዳድ ግን ዲጂኖ አንስተው ከአፈሩ ክምር ጎን ቆሙና ቦታውን በእጃቸው ጠቆሙኝ። መቆፈር ጀመርኩ።

"ቀስ በል። ወደ ግራ። አሁን አንሳ።" ድንጋይ ሲፋጭ ተሰማ። "በቃ፣ የማሽኑን አካፋ ባለበት ያዘው። ከዚህ በኋላ የእኔ ሥራ ነው።"

"ካካ፣ እባክዎ ይውጡ። እኔ ልጨርሰው።"

"በማሽን ከነካኸው አፉ ይሰበራል። ያን ጊዜ ሁለታችንም አለቀልን።" ተንበርክከው ጭቃውን ይወጉ ጀመር። ግንቡ ከራሳቸው በላይ ይንጣጣል። "አካፋው እየተወዛወዘ ነው፤ ረጋ በል። ሌላ ነገር አውራኝ።"

"ምን ላውራዎት?"

"አማትህ አሁንም ትጠላሃለች?"

"አዎ።"

"ብልህ ሴት ናት።"

መጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ መጣ። ቀጥሎ ቡናማው ጎርፍ ፈንድቶ ዲጂኖውን ከእጃቸው ነጥቆ ወሰደው። ከወንበሬ ዘልዬ ኮሌታቸውን ያዝኩና ወደ ኋላ ጎተትኳቸው። ወዲያው የግንቡ ግራ ማዕዘን ተንዶ የማሽኑ ክንድ ላይ ወረደ፤ ብረቱ ተጣመመ። ሌላው የግንቡ ክፍል ግን ቆመ። አቧራው ሲበተን ሁለታችንም ጭቃ ላይ ተዘርግተን፣ ቆሞ መቅረቱን ማመን አቅቶን እያየነው ነበር።

ውሃው እስከ አስር ሰዓት ድረስ ወረደ። የስፖግሜይን ማድቤት አፈረሰ፣ ጎሿንም ገደለ። ቤቶቹ ባዶ ስለነበሩ ሰው አልሞተም።

ኻኑ "ቤቶቹን በጊዜ ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ" እያለ ማውራት ጀመረ። ካካ ሚርዳድ ይሰማሉ፤ ምንም አይሉም። ዝም ያላለችው ስፖግሜይ ናት። ዓርብ ዕለት ወንዱ ሁሉ ከመስጊድ ሲወጣ መንገዱ ላይ ጠበቀችው።

"ታጅባር፣ የእንግዳ ቤትህን በጡብ ሥራው" አለችው። "ከዚያ ግንብ አንዲት ድንጋይ ከነካህ እኔ ከነልጆቼ ቤትህ እገባለሁ፤ አልወጣም። ሚስትህን ጠይቃት፣ ትስማማ እንደሆነ።"

ሰው ሳቀ። ኻኑም መሳቅ ነበረበት። በማግስቱ የወሰዳቸው ሦስት ድንጋዮች በአህያ ተጭነው ተመለሱ።

የማሽኑ ክንድ አርባ ቀን ጥገና ላይ ቆየ። እነዚያን አርባ ቀናት ከካካ ሚርዳድ ጋር የተናደውን ማዕዘን ስክብ ዋልኩ። ትልልቁ ድንጋይ መሃል ስስ ስሱ ይገባል፤ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አያስነኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙም አያናግሩኝም ነበር። አንድ ቀን አልቻልኩምና ጠየቅኳቸው።

"ካካ፣ ተቀይመውኛል?"

የያዙትን ድንጋይ አገላብጠው አዩት።

"አዎ" አሉ። "ያንን ቀጭኑን አቀብለኝ።"