በፈቃዳችን

"እዚች ጋ ብቻ ይፈርሙ፤ ሌላውን ለእኛ ይተዉት" አለ ተቆጣጣሪው፣ ወረቀቱን ተተኩሶ ባላለቀ ሸሚዝ ላይ ዘርግቶ።

ሸሚዝ ተኳሿ ሴትዮ በልብስ ፋብሪካው ውስጥ "እትዬ ካውያ" ነው የምትባለው፤ ቶሎ ትግላለችና። ዛሬ ግን ረጋ ብላ ማንበብ ያዘች። "እኛ ሠራተኞች የምሳ ዕረፍታችንን በፈቃዳችን ትተን ስንሠራ ቆይተናል" ይላል ወረቀቱ። ከሥሩ የስም ዝርዝር አለ። የእሷ አንደኛ፣ የምራቷ ሁለተኛ።

"ምን አስቸኮለህ?"

"ነገ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሰዎች ይመጣሉ። ሕጉ የአንድ ሰዓት ምሳ ይላል፤ እኛ ደግሞ ሥራ ተደራርቦብናል። እርስዎ ከፈረሙ ሌሎቹ ይከተላሉ።"

በፈቃዳችን! አይ ጉድ! ሦስት ወር ሙሉ ቆመው ነው የጎረሱት፤ እሱም ከተገኘ። ትናንት የስድስት ወር ነፍሰ ጡሯ ምራቷ ቁልፍ ከምትሰፋበት ማሽን ሥር የተዘረረችው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ውላ ነው። እትዬ ካውያ ውሃ ስትረጭላት ይኸው ተቆጣጣሪ "ማሽኑ ቆመ እኮ" ነበር ያለው። ያዘነው ለማሽኑ ነው።

"ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አሁን ከአለቃ ጋር ምን ያጣላዎታል? ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።"

ፈራች፤ ምን ይደበቃል? በዚህ ዕድሜዋ ብትባረር ማን ይቀጥራታል? ግን ምራቷ ሰኞ ተመልሳ እዚያው ማሽን ላይ ልትቀመጥ ነው። ሐኪሙ "ፅንሱ ለጊዜው ደህና ነው" ብሏል። ለጊዜው! ይህ ወረቀት እንዲህ እንዳለ ካለፈ ደግሞ ልጅቱ የተራበችው ወዳ ነው ማለት ነው።

"እስክሪብቶ ስጠኝ" አለችው።

በደስታ አቀበላት። እሷም ጎንበስ ብላ "በፈቃዳችን" ከሚለው ቃል ላይ "በ"ን ሰረዘችና ከላይዋ "ያለ" ብላ ጻፈች፤ ቁልጭ አድርጋ። ከዚያ ፈረመች።

"ምን አደረጉ?"

"አረምኩልህ። የፊደል ስህተት ነበረበት።"

እጁን ሲዘረጋ ወረቀቱን አልሰጠችውም። ዞር ብላ ከጎኗ ለምትሠራው ለኮሌታ ሰፊዋ፣ ከነእስክሪብቶው አቀበለቻት።

"እንኪ እህቴ" አለቻት፤ "አንብቢና ፈርሚ።"